ፍሬ አላፈራም ተብሎ ስለ ተሰናበተው ወንድ ዘንባባ

ለክቡር የከተማ ውበትና የአገር በቀል ዛፎች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የወገብዎ ሕመም እንደ ተሻለዎ፣ አዲሱ የሚሽከረከር ወንበርዎም እንደ ተስማማዎ፣ በርዎ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ስጠብቅ ከጸሐፊዎ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ይህች ከተማ እስከ ዛሬ ዛፍ በዝቶባት በተቸገረች ነበር።

እኔ ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ቢፈልጉ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለው ሰፈር የምኖር ጡረተኛ አዋላጅ ነኝ። እርስዎን የማዋለድ ዕድል ባይገጥመኝም፣ ከምክትሎችዎ ሁለቱን በእግራቸው አንጠልጥዬ፣ መቀመጫቸውን መታ አድርጌ ያስለቀስኳቸው እኔው ነኝ፤ ያን ጊዜ ለሕዝብ አቤቱታ ቶሎ ምላሽ ይሰጡ ነበር። ይህን ያነሣሁት ውለታ ልቆጥር ሳይሆን፣ ልጅ ከየት ይመጣል በሚለው ጉዳይ ላይ ጥቂት የሥራ ልምድ እንዳለኝ ለማሳወቅ ያህል ብቻ ነው።

ጉዳዬ በጓሮዬ ስላለው ዘንባባ ነው። ሠራተኞችዎ ሰኞ ጠዋት መጥተው እንደሚቆርጡት የሚገልጽ ማስታወቂያ በግንዱ ላይ በምስማር ተመትቷል። ይህ ዛፍ በከተማችን የቀረው የመጨረሻው ወንድ ዘንባባ ነው። ወደ ልመናዬ ከመግባቴ በፊት ግን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለአገራችን ዘንባባ ያደረገውን ጥበቃ በተራ ቁጥር ዘርዝሬ ላመሰግን ይፈቀድልኝ።

፩. ስለ ሥራ አፈጻጸም ግምገማው። ዛፍን መጠበቅ የሚጀምረው ዛፍን በመገምገም ነው ብለው ያመነጩት ሐሳብ በሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ኮሚቴዎ በወንዙ ዳር በነበሩት ዘንባባዎች ጥላ ሥር ወንበር ዘርግቶ፣ በጥላቸው እየተዝናና፣ ለእያንዳንዳቸው ነጥብ ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። መስፈርቱም ቀጥ ብሎ መቆም፣ ንጽሕና እና የፍሬ መጠን ነበር። እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ የእኛ ዘንባባ እንደ እኛው ነው፤ ወንዱም ለብቻው፣ ሴቷም ለብቻዋ ይቆማሉ። ወንዱ የአበባውን ዱቄት ለነፋስ ይሰጣል፣ ሴቷ ትቀበላለች፣ ታፈራለች። ኮሚቴዎ ግን ወንዶቹን ሁሉ በፍሬ ዜሮ ሰጥቶ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጻፈላቸው። ግንዱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቆሜ አንብቤዋለሁ፤ «በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ፍሬ ማፍራት እንድትጀምር እያሳሰብን፣ ይህን ባታደርግ ለሚወሰደው እርምጃ ኃላፊነቱን የምትወስደው ራስህ መሆንህን እንገልጻለን» ይላል፤ ማኅተምም አለው። ወሩ አለቀ፤ ያረገዘ አልተገኘም። ሁለተኛና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። አሁንም ልባቸውን አደነደኑ። በዚህ ምክንያት ሁሉም ተሰናበቱ፣ ማለት ተቆረጡ።

የዚያን ጊዜ በጽሕፈት ቤትዎ የዕፅዋት ባለሙያ የነበረችው የእህቴ ልጅ በስብሰባ ላይ ተነሥታ «ኧረ እነዚህ ወንዶች ናቸው! ከየት አምጥተው ይውለዱ?» ብትል፣ «መሥሪያ ቤታችን በጾታ አድልዎ አያደርግም» የሚል መልስ ከእርስዎ እንደ ተሰጣት ሰምቻለሁ። ፍትሐዊነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ሳዋልድ አባትየው በር ላይ ሲንቆራጠጥ አየዋለሁ እንጂ፣ «አንተስ ለምን አታምጥም?» ብዬ ያባረርኩት አንድም ሰው የለም፤ ለካስ የሥራ ድክመት ነበረብኝ።

፪. ስለ አርአያዋ ዘንባባ። በግምገማው አንደኛ የወጣችው በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የቆመችው ዘንባባ መሆኗ ማንንም አላስገረመም። ጠዋት ማታ መኪናዎ ሲገባና ሲወጣ ቀጥ ብላ የምትቆም እሷ ናት፤ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ድሮም ዕድገት ያገኛል። ከሥሯ የሚያቆጠቁጡት ቡቃያዎች እየተነቀሉ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ተተከሉ። የወንዝ ዳሮቹ ሴቶች ደግሞ ቢያፈሩም «አርአያዋን አይመስሉም» ተብለው ተነሡ። እንግዲህ የዛሬዎቹ የመንገድ ዘንባባዎች እህትማማች እንኳ አይደሉም፤ ያችው አንዲት ዛፍ ናት፣ እየደጋገመች የቆመች። በሰሌዳውም ላይ «አንድ ከተማ፣ አንድ መልክ፣ አንድ ዘንባባ» ብለው አስጽፈዋል፤ ከመፈክር ሁሉ እንዲህ እውነት የሆነ አይቼ አላውቅም።

የወንዝ ዳሮቹ እኮ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዐመል ነበራቸው። አንዷ ውኃ እስከ ወገቧ ቢመጣ ግድ የላትም፤ ሌላዋ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ታፈራለች። የጠማማዋ ቅጠል ልስልስ ስለነበር ምንጣፍ ሠሪዋ ጎረቤቴ ከእሷ በቀር አትነካም፤ ከድልድዩ አጠገብ የነበረችው ደግሞ ቅጠሏ እንደ ሽቦ የጠነከረ ስለሆነ ለመጥረጊያ ብቻ ነበር የምትቆረጠው። የአርአያዋ ቅጠል ለምንጣፍ ይደርቃል፣ ለመጥረጊያ ይለሰልሳል። ጎረቤቴ አንድ ቀን ሞክራ ሞክራ ሲያቅታት «ይሄማ ልክ እንደ ቢሮው ነው፤ ለምንም አይሆን!» ብላ ወረወረችው። እኔም እንዲህ ያለ ንግግር በጆሮዬ ዳግመኛ እንዳይገባ ቆጣ ብዬአታለሁ፤ ምክንያቱም ቅጠሉን መስደብ ተገቢ አይደለም።

ፖስተኛችንም እስካሁን ተቸግሯል። ቀድሞ «ከጠማማዋ ዘንባባ ወደ ቀኝ» ይባል ነበር። አሁን «ከዘንባባዋ ቀጥሎ ካለችው ዘንባባ አለፍ ብሎ፣ ዘንባባዋ ጋ ስትደርስ» ስለምንለው፣ መጀመሪያ ላገኘው ሰው ደብዳቤውን ሁሉ አስረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን አቤቱታ በጋዜጣ ላወጣው የተገደድኩትም በፖስታ ብልከው በማያገባው ሰው እጅ ይገባል ብዬ ስለ ሰጋሁ ነው፤ በእርስዎ እጅ ቢገባም ዕጣው ከዚያ የተሻለ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

፫. ስለ ማነቃቂያ ሥልጠናው። አባት የሌለበት ቤት ልጅ አይጮኽበትምና የመንገዱ ዘንባባዎች ሦስት ጊዜ አብበው ሦስቱንም ጊዜ ባዶ ቀሩ። ኮሚቴዎ ችግሩን መርምሮ «የተነሣሽነት ማነስ» መሆኑን ስለ ደረሰበት፣ አሠልጣኝ ተቀጥሮ በድምፅ ማጉያ ለዛፎቹ ሲያስተምር ዋለ። «እንችላለን በሉ!» ሲላቸው ነፋስ አልነበረምና ዝም አሉ። እኔ ግን ልብሴን እያሰጣሁ ስለሰማሁት በጣም ተነቃቅቻለሁ፤ ወጪው በከንቱ አልቀረም።

፬. ስለ ቀለሙ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። ባለፈው ክረምት ከመንገዱ ዘንባባዎች አንዷ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። አንድ ሰውነት አይደሉ? አንዷን መጣል የቻለ በሽታ ለሌላዋ አዲስ ዘዴ መፈለግ አላስፈለገውም። ሐኪም ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ቀለም ቀቢዎች መጡ። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ተቀቡ፣ እርስዎም ከፊታቸው ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ፤ በእውነት አምሮብዎት ነበር። በማግስቱ ዝናብ ዘነበና አረንጓዴ ጎርፍ ሰፈራችንን አጥለቀለቀው። የምንጣፍ ሠሪዋ ነጭ ፍየል አረንጓዴ ሆና ስትመጣ «የሰው ፍየል አላስገባም» ተብላ ውጭ አደረች። በወሩ ሪፖርትዎ ላይ አረንጓዴ ልማቱ ወደ እንስሳት ሀብት ዘርፍ መስፋፋቱን ሳነብ ፍየሏን አስታወስኳት።

፭. ስለ እህቴ ልጅ። ይህች ልጅ አፏን መያዝ የማትችል መሆኗን አልክድም፤ እናቷም እንደዚሁ ነበረች፣ አክስቷም ያው ናት። በስብሰባ መካከል «አንድ ዓይነት ከሆኑ አንድ በሽታ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል፤ የተረፈ ወንድ ካለ ይፈለግና ዘራቸው ይደባለቅ» በማለቷ ወደ መንገድ መብራት ክፍል ተዛወረች። የመብራት ምሰሶዎች ሁሉም አንድ ዓይነትና ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ከእነሱ ሥነ ሥርዓት እንድትማር ታስቦ ነው ተብሏል። አሁን መሰላል ተሸክማ አምፖል ትቀይራለች።

ታዲያ አንድ ቀን መሰላሉ ላይ ሆና ወደ ጓሮዬ አሻግራ ብታይ፣ ግድግዳዬ ላይ የተንጋደደውን ዘንባባ አየችው። ደስታዋን መቻል አቅቷት «አክስቴ! አክስቴ! ወንድ ደብቀሽ ነበር እንዴ?» ብላ ስትጮኽ ሰፈሩ ሁሉ በየበሩ ወጣ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ስሜ እንዲህ ባለ ነገር ሲነሣ የመጀመሪያው ነበርና እኔም ትንሽ ቀና ብዬ ቆምኩ። ነገር ግን ጩኸቱ ከሰፈር አልፎ ኮሚቴዎ ጆሮ ደረሰ፤ ማስታወቂያውም በሳምንቱ ተለጠፈ። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ «እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት» እያለች እህል አይወርድላትም። እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ይህ ነው።

፮. ስለ ራሱ ስለ ተከሳሹ። ዛፉ የሚገኘው ከልብስ ማጠቢያዬ ጀርባ ነው። ጎረቤት ምን እንደሚያወራ ሊሰማ የፈለገ ይመስል ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የልብስ ገመድ ያሰረበት እሱ ነው፤ እኔም ገመድ መያዣ ከመሆን ያለፈ ሙያ እንዳለው አላውቅም ነበር። በማስታወቂያው ላይ ሦስት ክስ ቀርቦበታል፤ ፍሬ የለውም፣ ተንጋዷል፣ አርአያዋን አይመስልም። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ይግባኝ አልልም።

የምለምንዎ የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ብቻ ነው። አበባው ገና በሽፋኑ ውስጥ ነው፤ ሽፋኑ ግን መሰንጠቅ ጀምሯል። የመንገድዎ ሴቶችም አሁን አብበዋል። ዱቄቱ ከደረሳቸው የሚያፈሩት ፍሬ፣ ከፍሬውም የሚበቅለው ዘር፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፤ ከመካከላቸው ያን በሽታ የሚችል፣ ጎርፍ የማይፈራ፣ ለምንጣፍ የሚሆን ይገኝ ይሆናል። ይህ ካልሆነ እነዚያ ቀለም የተቀቡት አንድ ቀን ተያይዘው ይወድቃሉ፤ የአገራችን ዘንባባም ከዚህች ከተማ ይጠፋል። እዚህ ላይ ስደርስ ክቡር ሆይ፣ ቀልዴ ያልቅብኛል። አልቆለታል የተባለ ልጅ በእጄ ላይ እስትንፋስ ሲዘራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሊድን የሚችል ነገር ዓይኔ እያየ ሲሞት ግን መቻል አልተማርኩም፣ በዚህ ዕድሜዬም አልማርም። ከሳምንቱ በኋላ ከፈለጉ ዛፉንም፣ ገመዱንም፣ እኔንም ማንሣት ይችላሉ።

እስከዚያው ድረስ ለሰጡን ጥበቃ ሁሉ፣ ለጥላው መጥፋት፣ ለቀለሙ መብዛት፣ ለፍየሏም ዕድገት፣ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ወገብዎንም ያቅናልዎ እላለሁ፤ እስከ መሬት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የመልካም አስተዳደርዎ ተጠቃሚ፣ በሕይወት ያለሁ ታዛዥዎ፣

ጡረተኛዋ አዋላጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ላስረክብ ስል ሠራተኞችዎ ከተባለው ቀን ቀድመው ቅዳሜ ደረሱ። መሥሪያ ቤቱ ከቀጠሮ ቀድሞ የጨረሰው የመጀመሪያ ሥራ ስለሆነ እንኳን ደስ አለዎ። ዛፉ ወድቋል። እኔም እንደ ልጅ አልቅሻለሁ። ሆኖም ሲወድቅ የአበባው ሽፋን ፈነዳና እኔም፣ ምንጣፍ ሠሪዋም፣ መጋዝ የያዙት ሰዎችዎም በዱቄቱ ነጭ ሆንን። መጋዝ ያዡ «እማማ፣ ይሄ ነገር ለምን ይሆናል?» አለኝ፤ ነገርኩት፤ ግንዱን ለመጫን ተብሎ የመጣው መኪና ወዲያው ተበላሸባቸው፣ አበባውን ለቅመን እስክንጨርስም ሳይጠገን ቆየ። የእህቴ ልጅ፣ እርስዎን ያኑርልን፣ መሰላል አላት፤ ከየዘንባባዎ አጠገብ ደግሞ የመብራት ምሰሶ አለ። ከዚያ እስኪመሽ ከምሰሶ ምሰሶ አምፖል ስትቀይር ዋለች፤ አንድም የተቃጠለ አምፖል አልነበረም። የማስረገዙን ነገር እኛ ጨርሰናል፤ ልጆቹ ሲወለዱ ግን አባታቸውን በፊርማዎ ያስገደሉት እርስዎ ነዎትና፣ የማሳደጉ ዕዳ የእርስዎ ነው።