ዓይኔ ተገለጠ፣ ልቤ ዘገየ

ለውድ አባቴ ለአቶ መርዳሳ፣

እንዴት ከርመዋል አባቴ? ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝዎ ወገብዎስ ተሻለዎ? እማዬስ ደህና ናት? ላሟስ ወለደች? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እልል የሚያሰኝ ወሬ ይዤ ወረቀቱ አልበቃኝ ብሏል።

ለፋሲካ የመጡ ጊዜ፣ ጠዋት ደህና የነበርኩት ሲመሽ የዓይኔ ቆብ እየወደቀ ጉርሻ ማላመጥ ሲያቅተኝ አይተው አዝነው ነበር የሄዱት። ከዚያ ወዲያ ባሰብኝ። አንድ ቀን ቀበሌ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል ግራ እጄን አንስቼ ማቆየት አቃተኝና ክንዴ ዱብ አለ። ሰብሳቢው፣ «ጓዲት ዘርፉ፣ አብዮቱ ከበደሽ እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባለቤቴ ፈይሳ ደንግጦ በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

ዶክተር ወልደአማኑኤል ይባላሉ። «ሰነፍም አይደለሽም፣ ቡዳም አልበላሽም» አሉኝ። ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት የሚያጠፋ ነገር ሰውነት ውስጥ አለ፤ የእኔ መልእክት ደግሞ ድሮውንም ደካማ ነው። ያንን አጥፊ የሚገታ ኒዮስቲግሚን የሚባል መርፌ ወጉኝ። አባቴ፣ ጥቂት ቆይቶ ዓይኔ ወለል አለ! እጄን ወደ ጣራው ሰቅዬ ስቆም ፈይሳ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዳቦ አስመጥቼ እየሳቅሁ አላመጥኩ!

የዚያኑ መድኃኒት ክኒን ይዤ ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ድካሙ ተመለሰ። ፈይሳ «አንድ ጨምሪበት» አለኝ። እኔ ግን እጄ በረዶ ሆኖ፣ ብድግ ስል ዓይኔ እየጨለመ አስፈራኝና ተመለስን። ዶክተሩ የእጄን ትርታ ሲይዙ ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄኛው ድካም ሌላ ነው። መድኃኒቱ ልብሽን አዘግይቷታል፤ የምትረጨው ደም አንሷል። ጨምረሽ ቢሆን ኖሮ ልብሽ ትቆም ነበር» አሉኝ። አትሮፒን የሚባል መርፌ ሲሰጡኝ ልቤ እንደተቀሰቀሰ ሰው ተነሣች፤ እጄም ሞቀ። መጠኑን ቀንሰውልኝ ይኸው ደህና ነኝ። እሑድ ቆቃ ወርደን ዓሣ ስበላ አጥንቱን እንኳ አልማርኩትም!

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ስለትሽ ሰመረ ይበሏት። ወንድሜን ገርባን፣ ትምህርቱን እንዳይተው ይንገሩልኝ። አክስቴን አረጋሽን፣ ጎረቤታችንን ሽኩርን ከነቤተሰቡ ሰላም ይበሉልኝ። ፈይሳም እጅ ይነሳል። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ብዕሩን ለማንም አላቀበልኩም።

ልጅዎ ዘርፉ መርዳሳ
ናዝሬት፣ ሰኔ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.