ጸሎትዎ አልተላከም

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ማኪንድዬ

ዛሬ ካባላጋላ ሰፈር ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ልበላ ገብቼ የራሴን ፎቶ ግድግዳ ላይ አየሁት። ቅዳሴ ላይ መቋሚያዬን ተደግፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አፌ ተከፍቶ። ያነሳኝ ኢንተርኔት ቤት ያለው ሳምሶን ነው። ከሥሩ «ጸሎትዎ አልተላከም፤ ኔትወርክ የለም» ብሎ ጽፎ እዚህ ላለው ሐበሻ ሁሉ በኢሜይል በትኖታል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሮማን ደግሞ አሳትማ ለጠፈችው።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ኔትወርኩ መጣ?» አለችኝ።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ፎቶውን ሲያነሳኝ ተኝቼ አልነበረም። ያን ዕለት የሚስቴ የአልማዝ ሙት ዓመት ስለነበር ነፍሷን ማርልኝ እያልኩ ነበር። ደግሞ ከሞተች ወዲህ ጸሎቴ መድረሱን እጠራጠራለሁ። ለማንም ያልነገርኩትን ጭንቀት ሳምሶን ሳያውቀው መሳቂያ አደረገው።

ለሥራ እንዲመች ወደ እሑድ ያመጣነው የማርያም ማኅበር ነገ በሳምሶን ቤት ነው። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ቄሱ «የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። አለ ከተባለ፣ እስኪታረቁ ጽዋው ይቆማል። ሁልጊዜ ሁላችንም ዝም እንላለን። ነገ ግን እነሳለሁ። ሳምሶን ሊያገባት ያጫት ልጅ አባት በተቀመጡበት «አዎ፣ እኔና የቤቱ ጌታ ተቀያይመናል» እላለሁ። ያደረገውን በራሱ አፍ ይናገር።

ማታ አባታችን ሆይ ብዬ ጀምሬ፣ የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ጋ ስደርስ ዘለልኩት። እመቤቴ ይቅር በለው እንደምትለኝ አውቃለሁ። እለዋለሁ። መጀመሪያ ግን በሰው ፊት ይቅለል።