ዝቅ ያለችው ወይስ ከፍ ያለችው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.
ልደታ

ዛሬም ልቤ አልረጋ ብሎኝ ነው የዋልኩት። ልጄ ሰናይት ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ መጠበቅ ሰልችቷት መኪና ልትገዛ ነው። ደላላው ሁለት አሳየን፤ አንዷ ዝቅ ያለች አውቶሞቢል፣ ሌላዋ ከፍ ያለች፣ ራቭ ፎር የሚሏት። ወንድሟ ዮናስ አምና ከጭነት መኪና ሥር ገብቶ የሞተብኝ በአውቶሞቢል ስለሆነ፣ እኔ ዝቅ ያለችውን ማየትም አልፈለግሁም።

ሁለቱንም እስከ አብነት እየነዳች ሞከረቻቸው። ጋቢና የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። በአውቶሞቢሏ ስንሄድ ሚኒባስ በተጠጋን ቁጥር ወለሉን በእግሬ እረግጣለሁ። ደላላው ከኋላ ሆኖ፣ «እማማ፣ በእርስዎ በኩል ፍሬን የለም እኮ» ብሎ ሳቀ። ሰናይት አልሳቀችም።

ቤት ስንገባ፣ «ከፍ ያለችውን ግዢ፣ ልጄ» አልኳት።

«ነዳጅ ትጠጣለች፣ እማዬ። እኛ ቅያስ ውስጥም አትዞርም።»

«አሁን ለነዳጅ ነው የምትጨነቂው?»

ፊቷን አዙራ፣ «ዮናስ መንዳት ያስተማረኝ በአውቶሞቢል ነው። ዛሬ ስነዳት አጠገቤ ያለ መሰለኝ» አለች።

ከተቀበረ ወዲህ ስሙን ፊቴ ጠርታው አታውቅም። እንዳላለቅስባት ብላ ነው። እኔም እሷ እንዳትከፋ ብዬ አልጠራውም ነበር።

ነገ ለደላላው መልስ ትሰጣለች፤ የምትጠብቀው የእኔን ቃል ነው። እሺ ብላት፣ በየቀኑ ወጥታ እስክትመለስ እንዴት ሆኜ እንደምውል አላውቅም። እምቢ ብላት ደግሞ ስሙን ዳግመኛ የምትጠራልኝ አይመስለኝም።