ጉዳዩ፦ ቃለ መጠይቄ ወደ ጎን አልጋ ስለመዛወሩ

ለተከበሩ የሥራ ማመልከቻ ድረ ገጽ የእርዳታ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ድረ ገጽዎ በር የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ክፍልዎ እንቅልፍ ማንም የማይቀሰቅሰው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔ የዘንድሮ ተመራቂ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ተነሥቻለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ ስመኘው ለኖርኩት የውኃ ምርመራ ላቦራቶሪ ሥራ ለቃለ መጠይቅ ተመርጬ ነበር፤ የሚጠበቅብኝም እስከ ዓርብ ማታ ገጽዎ ውስጥ ገብቼ «እገኛለሁ» የሚለውን መጫን ብቻ ነበር። ክፍልዎ ግን ለደኅንነታችን ተጨንቆ የይለፍ ቃልን አስቀርቶ፣ ስልክ ላይ ተቀምጦ በጣት አሻራ የሚከፈት «ፓስኪ» የተባለ ቁልፍ አምጥቶልናል። እኔም ቁልፌን አውጥቼ የይለፍ ቃሎቼን በማስቀምጥበት መተግበሪያ ውስጥ በክብር አኖርኩት። ስልኬ አፕዴት ካደረገ ወዲህ ግን ገጽዎ «ፓስኪ አልተገኘም» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም።

አንደኛ፣ ባለሙያዎ ስልኬን አጥፍቼ እንዳበራው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። በማግስቱ ሌላው ባለሙያዎ ያንኑ ምክር እንደ አዲስ ግኝት ስላበሠሩኝም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ ቅሬታዬን በጽሑፍ ላቅርብ ብል መጀመሪያ ወደ አካውንቴ እንድገባ ታዘዝኩ። በር የተዘጋበት ሰው አቤቱታውን ከውስጥ ሆኖ እንዲያቀርብ ያሰበው አእምሮ የማን እንደሆነ ባውቅ፣ ሄጄ እጁን በጨበጥኩ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከቤቴ ይነሣል። አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር አብሮ አደግ አለችኝ፤ እሷም ለዚሁ ሥራ አመልክታለች። እኔ ከስልኬ ጋር ስታገል እሷ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ጣቷን ነካ ስታደርገው ገጽዎ ብርግድ ይልላታል። ፈተና በመጣ ቁጥር ከእኔ ወረቀት ስትኮርጅ የኖረች ጣት በምን እንደምትበልጠኝ ለማወቅ፣ ተኝታ ሳለች እጄን ከእጇ አጠገብ አድርጌ አስተያይቻለሁ። ልዩነት አላገኘሁም። እሷን እርዳታ ከመጠየቅ የእርስዎን ባለሙያዎች መጠየቅ ክብር መስሎ ታየኝ፤ ይህንንም ውለታ ክፍልዎ አሳምሮ ከፈለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በጊዜው ስላላረጋገጥኩ ዕድሉ ለተጠባባቂ መተላለፉን የሚገልጽ መልእክት ደረሰኝ። አንብቤ ሳልጨርስ ከጎን አልጋ እልልታ ተሰማ። ተጠባባቂዋ እሷ ነበረች!

ፊቴን አይታ ደነገጠች፤ ያኔ ሁሉን ነገርኳት። ስልኬን ተቀብላ ሴቲንግ ውስጥ የይለፍ ቃል የሚለውን ከፈተች፤ አፕዴቱ ምርጫዬን ሽሮ ስልኬን ወደ ራሱ ባዶ ማስቀመጫ መልሶት ኖሯል። የእኔን መተግበሪያ መርጣ ስታበቃ ጣቴን አስነካችኝና በሩ ተከፈተ። «አንቺ ደግሞ! ቁልፉ በቀኝ ኪስሽ እያለ ግራውን ስትበረብሪ ከረምሽ እኮ። ምነው የኔ እህት፣ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ?» አለችኝ። ገጹ ላይ «ጊዜው አልፏል» የሚለው በሚያምር ቀይ ተጽፎ ይጠብቀኝ ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ «ቁልፍዎ የተቀመጠበት መተግበሪያ ሴቲንግ ውስጥ መመረጡን ይመልከቱ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከበሩ በስተውጭ፣ በሩ ያልተከፈተለት ሰው በሚያነባት ቦታ እንዲሰቅሉልን ነው። እኔ እንደሆንኩ ተስፋ አልቆርጥም፤ ለሚቀጥለው ማስታወቂያ ዛሬውኑ አመልክቻለሁ።

ጣቷን አዘጋጅታ ደጅዎ ላይ የቆመች፣
የቀድሞዋ ተመራጭ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ለቃለ መጠይቅ የምትቀርበዋ ልጅ የምትለብሰው ግራጫ ኮት የእኔ ነው፤ ለዚህ ቀን ብዬ የገዛሁት። ለምናኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። እባክዎ ሲያዩት በአክብሮት ይቀበሉልኝ፤ ከእኔ ወገን ፓስኪ ሳይጠየቅ ወደ ውስጥ የሚገባ እሱ ብቻ ነው።