ከውስጥ የሚቀረቀር በር

ወንድሜ ቢሂ፣

እናንተ ዘንድ ገብሱ ታጭዶ አልቋል፤ እዚህ ተራራው ላይ ገና አረንጓዴ ነው። አብረውኝ የሚገነቡት ሠራተኞች ለበዓሉ ወደየቤታቸው ወርደዋል። እኔ ብቻዬን ቀርቼ ዛሬ የአዲሱን ትምህርት ቤት የሴቶች መጸዳጃ በር ገጠምኩ። ቶዳ የምትባል የአራተኛ ክፍል ልጅ ገባችና ከውስጥ ቀረቀረችው።

«አጎቴ፣ እስኪ በደንብ ይግፉት» አለችኝ።

በትከሻዬ ገፋሁት፤ አልተከፈተም።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ውሃ እጠጣለሁ።»

«እስከ ዛሬስ?»

«ሜዳ ላይ ወንዶቹ ያዩናላ። ሴቶቹ ቤት እስክንገባ አንጠጣም።»

ቢሂ፣ ልጄ ኢጃ ትዝ አለችኝ። ከንፈሯ ደርቆ፣ ራሴን አመመኝ እያለች ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሰነፍ እላት ነበር። ከአምስተኛ ክፍል ስትቀርም «ደግ አደረግሽ፣ እናትሽን አግዢ» አልኳት። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኳት። ይህን የማጫውተው ሰው እዚህ የለኝም፤ ሻዩንም ለብቻዬ ነው የምጠጣው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጆቹንም። ኢጃ ከባሏ ቤት ከአጋዲር ስትመጣ፣ እኔ አፌ አይታዘዝልኝምና አንተ «አባትሽ አሁን ገባው» በልልኝ።

ይዲር