ጥጉን የያዘው ማን ነው

ጥቅምት 8

ዛሬም ጫፍ ስቀመቅም ዋልኩ። የሱሪ ጫፍ፣ የቀሚስ ጫፍ፣ የአንሶላ ጫፍ። አሠሪዬ እትዬ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ደንበኛ ስታናግር እኔ ከማሽኑ ጀርባ ነበርኩ። አንዷ ሴትዮ "ልጅቷ ትሰማለች?" ብላ ጠየቀቻት። "ስትፈልግ" አለች እትዬ።

ቤት ገባሁ። እማዬ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ገና አልተመለሰችም። ወንድሜ ከመጋረጃው ጀርባ... ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ሻይ አስቀመጥኩለት። የጠዋቱ ሻይ ሳይነካ እዚያው ነው። አነሳሁት።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ የታንኩን ጨዋታ ተጫወትኩ። ተሸነፍን። እኔ ግን አልሞትኩም። ከቡድኑ ሁሉ የተረፍኩት እኔ ብቻ። የቡድኑ አዛዥ ሻምበል "ጎበዝ፣ ለሙዚየም የሚሆን ታንክ አተረፍክልን" ብሎ ጻፈልኝ። መጀመሪያ ያመሰገነኝ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 9

እንዴት እንደጀመረ ልጻፈው። ለራሴ።

ወንድሜ ብረታ ብረት ቤት ነው የሚሠራው። ይሠራ የነበረው። ቀኝ እጁን የቆርቆሮ ማጠፊያው ያዘው። ከሆስፒታል ሲመጣ እጁ እንደ ትራስ ተጠቅልሎ ነበር። እማዬ አለቀሰች። እኔ ሾርባ አሞቅኩ። ለቅሶው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩት፣ አልመጣም። አሁንም የለም... ደረቴ ውስጥ ጥጥ የጠቀጠቁበት ይመስለኛል።

ጨዋታው የሱ ነው። ሰዎቹ በየቤታቸው ተቀምጠው ታንክ ይነዳሉ፣ ስክሪኑ ላይ ይዋጋሉ። ቡድኑ አምስት ነው። አንዳቸውንም በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሻምበል አዛዣቸው ነው። ስሙ ነው እንጂ ወታደር አይደለም፣ መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው። ፌንጣ ትንሿን ፈጣን ታንክ ይዞ ወዲያ ወዲህ እየዘለለ ጠላት የት እንዳለ ያሳያል። ወንድሜ ከባዱን ታንክ ይነዳል። እዚያ ስሙ ቋጥኝ ነው።

አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ "ቋጥኝ፣ ጠፋህ። አለህ ወይ?" የሚል መጣ። መጋረጃውን አየሁት። አልተንቀሳቀሰም። "አለሁ" ብዬ ጻፍኩ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ቋጥኝ እኔ ነኝ። ማይኬ ተበላሽቷል ብያቸዋለሁ። ድሮ ከወንድሜ ጀርባ ቆሜ አይ ስለነበር ቁልፎቹን አውቃቸዋለሁ።

ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ስለምጫወት ወንድሜ አይሰማኝም። ቢሰማኝም የሚገደው አይመስለኝም።

ጥቅምት 12

ከባድ ታንክ ቀርፋፋ ነው። መንገድሽን መጀመሪያ ላይ መምረጥ አለብሽ። መሃል ላይ ሐሳብሽን ከቀየርሽ... ዞረሽ እስክትደርሺ ጦርነቱ ያልቃል። ፊቱ ወፍራም ብረት ነው፣ ጎኑ ስስ። አፍንጫውን ትንሽ ዞር ካደረግሽው ጥይቱ ይንሸራተታል። ብዙ ካዞርሽው ጎንሽን ሰጠሽ። ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው? እትዬም ጨርቅ ስታስቆርጠኝ "ትንሽ ሰያፍ አድርጊው" ትላለች እንጂ ምን ያህል እንደሆነ ነግራኝ አታውቅም።

ከታንኩ በላይ አረንጓዴ መስመር አለ። የታንኩ ነፍስ ናት። በተመታ ቁጥር ታጥራለች። ስታልቅ ታንኩ ይቃጠላል። ስታጥር አልወድም። ስለዚህ ድንጋይ ጀርባ እቆማለሁ፣ ከሩቅ እተኩሳለሁ። መስመሬ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ወንድሜ ሲነሳ እንደተወው ያገኘዋል። ምንም አላጎደልኩበትም።

ጥቅምት 15

ሻምበል ለብቻዬ ጻፈልኝ። "ቋጥኝ፣ እንደ ወንድም ልንገርህ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ውድድር አለ። ካርታው ላይ የከተማውን ጥግ የሚይዝልን ካጣን ሌላ ከባድ ታንክ እናስገባለን። ቅር እንዳይልህ።"

ፌንጣ ደግሞ ሁሉም በሚያነቡበት ላይ፦ "ድሮ እኮ ፊት ፊት ነበር የምትሄደው። ምነው፣ አገባህ እንዴ?"

የሳቅ ምልክት ላኩላቸው።

ብረት ቤቱ ሌላ ሰው ቀጥሯል። እማዬ ለጎረቤታችን ስትነግራት ሰማሁ። ወንድሜ መስማት አለመስማቱን እንጃ። እንግዲህ ሲድን የሚጠብቀው ምን ቀረ? ይሄ ቦታ ብቻ። እሱም የተንጠለጠለው በኔ ላይ ነው።

ጥቅምት 16

ሦስቴ ተጫወትኩ። ሦስቴ ተረፍኩ። ሦስቴ ተሸነፍን።

ጥቅምት 19

ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ። የጆሮ ማዳመጫው አንድ ጎን ወርዶ ነበር፣ ባይወርድ አልሰማውም ነበር።

"ትቸኩያለሽ።"

ማዳመጫውን አወለቅኩ።

"ጥይቱ ሳይሞላ ትጫኛለሽ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። የከባድ ታንክ መድፍ እስኪሞላ ይቆያል። ስለነዘነዝሽው አይፈጥንም።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰማኝ?"

"ሌላ ምን ሥራ አለኝ፣ ሚጣ?"

ከልጅነቴ ጀምሮ ሚጣ ነው የሚለኝ። ከሆስፒታል ከመጣ ወዲህ ግን ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። "ሻይ ልጨምርልህ?" አልኩት።

"ወደ ኋላ የሚወስደውን ቁልፍ ግን አሳምረሽ ታውቂዋለሽ" አለ።

ጥቅምት 20

ከሥራ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጠየቀኝ።

"ጥግ ላይ ስትደርሺ እንዴት ነው የምትወጪው?"

"ፊቴን አውጥቼ።"

"ነፍስ ይማር።"

ከመጋረጃው ስር ግራ እጁ ወጣ። ክብሪት ይዟል። ወለሉ ላይ አስቀመጠው፣ አጠገቡ የሻይ ኩባያውን። ኩባያው የሕንጻው ጥግ፣ ክብሪቱ ታንኩ።

"አፍንጫሽን ከግድግዳው ጀርባ ትደብቂያለሽ። ትንሽ ታዘምሚና ወደ ኋላ ትወጫለሽ። በጀርባሽ። የሚታያቸው ጎንሽ ብቻ ነው፣ እሱም ሰያፍ ሆኖ። ይተኩሳሉ፣ ይንሸራተታል። እነሱ እስኪሞሉ አንቺ ተኩሰሽ ትመለሻለሽ።"

ግራ እጁ ክብሪቱን ወደ ኋላ ጎተተው። ጣቶቹ አልለመዱትም። ክብሪቱ ተገለበጠ። አቃናሁት።

ሰው ፊት የምወጣውም እንዲሁ ነው። እንግዳ መጥቶ እማዬ "ነይ ሰላም በዪ" ስትለኝ መጀመሪያ ከበሩ የሚታየው ጀርባዬ ነው። ትሪ ይዤ።

ጥቅምት 23

ሠራ። ጥይቱ ጎኔ ላይ ተንሸራቶ ሄደ። ድምፁ የድስት ክዳን ላይ ማንኪያ እንደሚወድቅ ነው። ፌንጣ "ኧረ ቋጥኝ ከሙሽርነቱ ተመለሰ" አለ።

ከዚያ አንዱ መታኝ። መስመሯ አጠረች። ሌላው ደገመኝ። ጥጉን ትቼ ወደ ድንጋዬ ሸሸሁ... ጥጉ ባዶ ቀረ። ጠላቶቹ በዚያው ገቡ። ፌንጣ ተቃጠለ፣ ሻምበል ተቃጠለ። እኔ ድንጋዬ ጋ ነበርኩ። መስመሬ ከግማሽ በላይ ነበረች።

"አለቁ?" አለ ወንድሜ።

"አለቁ።"

"አንቺስ?"

"አለሁ።"

"ተይው በቃ" አለ።

ጥቅምት 26

ሐኪሙ ፋሻውን ፈታው። እማዬ ብቻዬን አልገባም ብላ እኔንም አስገባችኝ።

"እስቲ ጨብጥ" አለው።

አውራ ጣቱና ጠቋሚው ታዘዙ። ሌሎቹ አልሰሙም።

"እንደገና።"

እንደገና አልሰሙም። ሐኪሙ "እንቅስቃሴ እናሠራዋለን" አለና እማዬን አየ። "እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን አልዋሻችሁም።" ወንድሜ እጁን የሰው ዕቃ ይመስል ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነበር።

ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ላይ የሆነ ሰው የጣት አሻራ ነበር። እሱን እያየሁ መጣሁ።

ቤት ስንገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥቅምት 27

አልተጫወትኩም።

ጥቅምት 29

መጋረጃው ጋ ቆሜ "ውድድሩ ደረሰ" አልኩት። "ቦታህ አልተነካም። እየጠበቅኩልህ ነው።"

"ማን ጠብቂልኝ አለሽ?"

"ስትድን..."

"ሚጣ፣ ሐኪሙ ጋ አብረሽኝ አልነበርሽም?"

ነበርኩ።

"ማውዝ አልይዝም። ሌላ ነገር ቀስ ብዬ እይዝ ይሆናል። እሱን ግን አልይዝም።" ያለቀበትን ዕቃ የለም እንደሚል ባለሱቅ ነው የተናገረው። "አንቺ መስመሯን ሞልተሽ የምትመለሺው ለማን ልታስቀምጫት ነው? ብረቱን የሰጡሽ እንዲመታ ነው። ከኋላሽ ያሉት ስስ ናቸው። አንቺ ካልተመታሽ እነሱ ይመታሉ።"

"ካለቀችስ?"

"ታልቃለቻ። እስክታልቅ ድረስ እነሱ የት ደረሱ? እሱን ነው የምትጠይቂው።"

ከዚያ "ንገሪያቸው" አለ።

"ምኑን?"

"ማን እንደሆንሽ።"

"ያስወጡኛል እኮ።"

"ያስወጡሽ። ለኔ ብለሽ ግን እዚያ አትቀመጪ።"

የታጠበውን ልብስ አጣጠፍኩ። ካልሲዎቹን ሳጣምር አንዷ ጥንዷን አጣች። አልጋ ስር ሁሉ ፈለግኳት።

ኅዳር 2

ውድድሩ ከሰዓት በኋላ ነበር። እማዬ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ማይኩን ከመሳቢያው አውጥቼ ሰካሁት። ተበላሽቶ አያውቅም።

ሻምበል "ኦ፣ ቋጥኝ፣ ማይክህ ተሠራ?" አለ። ድምፁ ካሰብኩት በላይ ቀጭን ነው።

ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት። "ቋጥኝ አይደለሁም። እህቱ ነኝ።"

"ቀልድ ነው?" አለ ፌንጣ።

"እጁ ተጎድቷል። ከመስከረም ጀምሮ የምጫወተው እኔ ነኝ።"

"ይመለሳል?" አለ ሻምበል።

"አይመለስም።"

ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። እማዬ ካውያውን አቆመች። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ሲጥ ሲል ሰማሁ።

"ሙዚየሙ የሷ ነበር ማለት ነው" አለ ፌንጣ በቀስታ። ማንም አልሳቀም።

ሻምበል "አሁን ሌላ ሰው ላገኝ አልችልም" አለ። "እህቴ፣ ጥጉን ትይዣለሽ?"

"እይዛለሁ።"

"የምትሸሺ ከሆነ ቀድመሽ ንገሪን። የሚገድለን ሽሽቱ አይደለም፣ አለማወቃችን ነው።"

"አልሸሽም።"

ገባን። መንገዴን መጀመሪያ ላይ መረጥኩ፣ በቀጥታ ወደ ከተማው። አፍንጫዬን ከግድግዳው ጀርባ ደበቅኩ። አዘመምኩ። በጀርባዬ ወጣሁ። አንዱ ጥይት ተንሸራተተ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ገባ፣ መስመሯ አጠረች። እጄ የሽሽቱን ቁልፍ ያውቀዋል፣ ጣቴ ሄዶ ላዩ ላይ አረፈ... ከኋላዬ ወንድሜ "አሁን" አለ። መድፉ ሞልቶ ነበር። ተኮስኩ። ተመለስኩ። ወጣሁ። "አሁን።" ስክሪኑን አያይም እኮ። መድፉ እስኪሞላ ያለውን ቆይታ በልቡ ያውቀዋል።

"ጥጉን የያዘው ማን ነው?" ብሎ ጮኸ ሻምበል፣ ካርታው ላይ ጠፍቼበት።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

መስመሯ አለቀች። ታንኩ ተቃጠለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉም ቀድሜ ሞትኩ። ፌንጣ ግን በጠላቶቹ ጀርባ ዞሮ ደርሶ ነበር። አሸነፍን። ሁለተኛውን ዙር ተሸነፍን፣ ከውድድሩም ወጣን። ያኔም ጥጉ ላይ ነበርኩ።

ሻምበል "ለወንድምሽ እግዜር ይማርህ በዪልን። ቅዳሜ እንለማመዳለን፣ እንዳትቀሪ" አለ። "ስምሽን ማን እንበል?"

አስቤ እነግራችኋለሁ አልኳቸው።

ዞር ስል ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። መጋረጃውን በግራ እጁ ገለል አድርጎት። እማዬ የሱን ሸሚዝ ይዛ ቆማለች፣ ካውያው ቀዝቅዟል። ሻይ ጣድኩ።

ኅዳር 5

እትዬ ጓዳ ነበረች። ደንበኛ መጣና "ሱሪዬ መቼ ይደርሳል?" አለ። "ነገ" አልኩት። እትዬ ብቅ ብላ ማሽኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "የትኛችሁ ናችሁ የተናገራችሁት?"

ወንድሜ ሐኪሙ የሰጠውን ስፖንጅ ሲጨምቅ አገኘሁት። በሁለት ጣት። ላብ አጥምቆታል። ኩባያው ባዶ ነው።

እማዬ መጋረጃውን አውርዳ አጥባዋለች። ጫፉ ተተርትሮ ስለነበር ቀመቀምኩት። ስጨርስ የጣቴ ጫፍ ላይ ደም አየሁ። መርፌው ወግቶኛል። አመመኝ... ትንሽ።

"ልስቀለው?" አልኩት።

"ለማን?" አለ።

አጣጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።