የታጠበችው የፀሐይ መለኪያ

ውድ ፓክ ሱዌቻ፣

ይህን አንብበው ሲጨርሱ ጫማዎን ቢያነሱብኝ አልቀየምም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ከፀሐይ ኃይል ጣቢያው የሰሌዳ ጠራጊነት ሥራዎ ያስባረርኩዎት እኔ ነኝ።

ከብረት የተሠራ ሁሉ በሚባረክበት የብረት በዓል ዕለት፣ የመንደሩ ሰው ሞተር ብስክሌቱን አጥቦ በአበባ ሲያስጌጥ፣ እርስዎ የፀሐይ ሰሌዳዎቻችንን ባርከው ወደ አየር ሁኔታ መለኪያው ምሰሶ ወጡ። የፀሐይን ኃይል የምትለካውን፣ ግማሽ ብርቱካን የምታህለውን የመስታወት ጉልላት በጸበል እያጠቡ፣ "ልጄ፣ ይቺን ምስኪን እኮ ማንም አያስታውሳትም" አሉኝ።

እኔ ግን አስታውሳት ነበር። ሦስት ዓመት አቧራና የወፍ ኩስ ሲጫናት እያየሁ ዝም ብያለሁ። ሰሌዳዎቹ ስንት ማምረት እንዳለባቸው የሚሰላው እሷ ከምትናገረው ነው፤ በቆሸሸች ቁጥር ደግሞ ፀሐይን አሳንሳ ትናገራለች። ፀሐይ ስታንስ ሰሌዳዎቻችን ጀግና ይመስላሉ። እኔም የጀግኖቹ አዛዥ ሆኜ በየዓመቱ የምስጋና ወረቀት እቀበላለሁ።

ባጠቧት ማግስት እውነቱን ተናገረች። የምናመርተው መብራት ያው የትናንቱ ነው፤ በወረቀት ላይ ግን ሰሌዳዎቹ ታመሙ።

"ትናንት ማን ነካቸው?" አለች አለቃችን ኢቡ ራትሚ።

"ፓክ ሱዌቻ ጸበል ረጭተውባቸዋል" አልኩ። ከውሸቶቼ ሁሉ የከፋው ይህ እውነት ነበር።

ሥራዎን ማጣትዎ ሳያንስ ሰው ጸበልዎን ፈራ። ባለፈው ሳምንት የዓሣ አጥማጁን የሱካርያን ጀልባ ሊባርኩ ጠጋ ሲሉ፣ "ተዉኝ አባቴ፣ ሞተሩን እንዳይገሉብኝ!" ሲልዎት ሰማሁ። ሰው ሳቀ። እርስዎም አብረው ሳቁና የጸበል ዕቃዎን በፎጣ ሸፍነው ሄዱ። ያን ቀን እራት አልበላሁም፤ እኔ፣ ሁለተኛ ሰሃን ሳልጠይቅ የማልነሳው!

በማግስቱ ለኢቡ ራትሚ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

"ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሸለምኩት አቧራውን ነው?"

"አዎ፣ ኢቡ።"

"አቧራውስ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው። ሰው ያስባረርከው አንተ ነህ።"

ትናንት ደግሞ በመንደሩ ሸንጎ ፊት ቆሜ ደገምኩት። ሱካርያ መጀመሪያ ሰደበኝ፤ ቀጥሎ ራሱን እያከከ፣ "ጀልባዬንስ መቼ መጥተው ይባርኩልኛል?" ብሎ ጠየቀ።

ወደ ሥራዎ እንዲመለሱ ኢቡ ራትሚ ወስናለች። እስኪመጡ ድረስ ሰሌዳዎቹን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ከመቶ ሃያው ስምንተኛው ላይ ወገቤ ከዳኝ። ለይቅርታው አይቸኩሉ፣ ፓክ። ለሥራው ግን እባክዎ ይፍጠኑ።

ጥፋተኛው ልጅዎ፣
ኔንጋህ